ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውልበት ሴፍቲ ጫማ እንዴት ልምረጥ? (ሐዋሳ)

ሳይት_ላይ_ነኝ · እሁድ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው የምሠራው። ኮንስትራክሽን ተምሬ ከወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ስድስት ወር ሊሆነኝ ነው። ጠዋት 1፡30 እገባለሁ፣ 11፡30 እወጣለሁ። ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) የሚሞላ ቀን ግን ማታ 2 ሰዓትም 3 ሰዓትም ይሆናል። መቀመጥ የሚባል ነገር የለም።

የጫማ ቁጥሬ 37 ነው። ከስቶር የተሰጠኝ ሴፍቲ ጫማ 40 ነው። «ከዚህ ያነሰ የለም፣ ካልሲ ደርቢበት» ተባልኩ። ደረብኩ። ከዚያ ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቅኩ። አሁን ሁለቱም ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ፈርጧል። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። በጣም የሚያስፈራኝ ግን መሰላል ነው። እግሬ ሲነሳ ጫማው ከኋላ ወልቆ ይቀራል።

ባለፈው ሐሙስ አላስቻለኝም፣ አውልቄው በሽራ ጫማ ዋልኩ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ከመሬት አልተነሳም። ጣውላ እየተነቀለ ያለበት ፎቅ ነው፣ ሚስማሩ እንደ ቆሎ ተበትኗል።

በራሴ ብር ልገዛ ወስኛለሁ። በየሱቁ ያየሁት ሁሉ ላዩ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር። ምን አይቼ ልግዛ? ለሴት እግር የሚሆንስ አለ? የምታውቁ እርዱኝ።

ፌሮ_ሠሪው · እሁድ ማታ 3፡42

እህቴ፣ ያንን ሽራ ጫማ ነገ ይዘሽው እንዳትሄጂ። እለምንሻለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። የሰጡኝ ጫማ ጣቴን ስለጨመቀኝ እኔም በሽራ ነበርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፌሮ ተሸክሜ ስሄድ አንድ ነገር ረገጥኩ። መጀመሪያ ምንም አላመመኝም። ቀጥሎ ልራመድ እግሬን ሳነሳ ጣውላው አብሮኝ ተነሳ። ያኔ ነው ያወቅኩት። ጤና ጣቢያ አጠቡኝ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጉኝ። ከሦስት ቀን በኋላ መግል ያዘ። 23 ቀን ቤት ተኛሁ። የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፣ 23 ቀን ሙሉ አንድ ብር አልገባም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማንም ሻጭ አይነግርሽም። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ብቻ አትለኪ። ቁጢጥ በይ። እኔ ፌሮ ሳስር የምውለው ቁጢጥ ብዬ ነው። ቁጢጥ ስትይ ጫማው ይታጠፋል፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ግን አይታጠፍም። የብረቱ የኋላ ጠርዝ ጣቶችሽ ጀርባ ላይ ይመጣል። ቆመሽ ምንም አይሰማሽም። ቁጢጥ ብለሽ ሁለት ደቂቃ ቆይ። ጠርዙ ጣትሽን ከነካ ያ ጫማ ማታ ላይ ያስለቅስሻል። ሌላ ሞዴል አምጣ በይው።

ጫማ_ነጋዴ_ነኝ · እሁድ ማታ 4፡15

ልጄ፣ እኔ ሻጭ ነኝና እነግርሻለሁ። ፌሮ ሠሪው ያለው ትክክል ነው።

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። በአውሮፓ ልኬት ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከ37 ወደ 40 ሦስት ቁጥር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይዘሽ ነው መሰላል የምትወጪው። ካልሲ ያንን አይሞላውም። ቁመቱን ቢሞላው እንኳ ተረከዙ የወንድ ነው፣ ይሰፋሻል። ለዚህ ነው ከኋላ የሚወልቀው። ወደፊት ሲንሸራተት ደግሞ አውራ ጣትሽ ብረቱን ይመታል። የጠቆረው ጥፍር ከዚያ የመጣ ነው።

ጠዋት አትግዢ። ከሥራ ወጥተሽ፣ እግርሽ አብጦ ደክሞ እያለ ነይ። ሰው ቆሞ ሲውል እግሩ ይሰፋል። ጠዋት ልክ የነበረ ማታ ይጠብቃል። ቆዳ የለበሰ ጎን ሊለቅ ይችላል፣ ብረቱ ግን አንድ ፀጉር አይለቅም። ለሥራ የምታደርጊውን ካልሲ አድርገሽ ነይ። የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፣ በትልቁ ለኪ።

ክሩን ሳታስሪ እግርሽን ወደፊት ግፊው፣ ጣትሽ ጫፉን እስኪነካ። ከኋላ አንድ የእጅ ጣት መግባት አለበት። ሁለት ከገባ ሰፊ ነው። አንድም ካልገባ ጠባብ ነው። ቀጥሎ የውስጡን ሶል አውጥተሽ መሬት ላይ አድርጊና በባዶ እግር ቁሚበት። ጣትሽ ወይም የእግርሽ ጎን ከሶሉ ውጪ ከፈሰሰ ጫማው ለእግርሽ ጠባብ ነው። ቁጥር ብትጨምሪም ቁመቱ ይረዝማል እንጂ ቅርጹ ያው ነው።

አሁን ምልክቱ። ምላሱ ውስጥ ጨርቅ ላይ የታተመ ጽሑፍ አለ። አይኤስኦ 20345 የሚል ፈልጊ። ይሄ ጫፉ የሚከላከል ጫማ ዓለም አቀፍ የደረጃ መለያ ነው። 20347 ከሆነ የሥራ ጫማ ነው፣ ጫፉ ላይ መከላከያ የለውም። ከሥሩ ኤስ1፣ ኤስ1ፒ፣ ኤስ2፣ ኤስ3 የሚሉ አሉ። ኤስ1 ተረከዙ ዝግ ነው፣ ተረከዝ ላይ ምቱን ያበርዳል። «ፒ» ሲጨመርበት ከእግር ሥር ሚስማር የሚከላከል ንጣፍ አለው ማለት ነው። ኤስ2 ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ ሚስማር ግን አይከላከልም። ኤስ3 ሁለቱንም ይዟል፣ ሶሉም ጥርስ አለው። ላንቺ ሥራ ኤስ1ፒ ወይም ኤስ3 ነው። ሌላው አይሆንሽም።

ማኅተም ማንም ይመታል፣ ስለዚህ በእጅሽም እይው። ጫፉን በአውራ ጣትሽ በኃይል ጫኚው። ከገባልሽ ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ተይው።

የጋሪው_ሰው · ሰኞ ጠዋት 1፡05

እኔ ብረት ያለው ጫማ አላደርግም። ከባድ ነገር ሲወድቅበት ብረቱ ታጥፎ ጣት ይቆርጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ያለ ብረት ቢሆን ቢያንስ ጣቱ ተቀጥቅጦ ይድናል ይላሉ።

ሴፍቲ_ላይ_የምሠራ · ሰኞ ጠዋት 2፡20

@የጋሪው_ሰው ወንድሜ፣ ይሄን ወሬ በሄድኩበት ሳይት ሁሉ እሰማዋለሁ። ሰው ጫማውን የሚያወልቅበት ምክንያት ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም።

በ20345 የሚመረተው ጫማ ጫፍ 200 ጁል ምት ተመቶ ነው የሚፈተነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ እንደመልቀቅ ቁጠረው። አንድ ትልቅ ብሎኬት ከወገብህ ላይ ሲያመልጥህ ማለት ነው። ዝም ብሎ ሲጫነው ደግሞ 15 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ 1.5 ቶን ክብደት ይሸከማል። ያንን ብረት አጥፎ ጣት የሚቆርጥ ጭነት ሽራ ጫማ ላይ ቢያርፍ ጣቱ ይድናል ብለህ ታስባለህ? ይፈጨዋል እንጂ አይቀጠቅጠውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዴ በደንብ የተመታ ጫማ፣ ላዩ ደህና ቢመስልም ይጣል። ሰልባጅ ሴፍቲ ጫማ አትግዙ የምለውም ለዚህ ነው። የማን እግር ላይ ምን እንደወደቀ አታውቁም። ሶሉም የሌላ ሰውን አረጋገጥ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጠያቂዋ እህታችን፣ በራስሽ ብር ከመግዛትሽ በፊት ይሄን ስሚኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ለሠራተኛው እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ ያስገድደዋል። ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። 37 ለምታደርግ ሰው 40 መስጠት ማቅረብ አይባልም። የቁጥርሽን ጉዳይ በጽሑፍ አስገቢ። አንድ አንቀጽ ይበቃል። ቀን ጻፊበት፣ ቅጂ ያዢ። ሳይቱ ላይ ያሉ የሴቶችን ቁጥር ሁሉ ሰብስበሽ አንድ ላይ ብታስገቢ ደግሞ የተሻለ ነው። ስቶር «የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ ማንም በዝርዝር ስላልጠየቀው ነው።

አዳማ_ጋራዥ · ሰኞ ቀትር 6፡30

ከአዳማ ነኝ፣ ሥራዬ መካኒክነትና ብየዳ ነው። ስለ ሶል ልጨምር።

ፒዩ (ፖሊዩሬቴን) የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሶል ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ይመቻል። ግን የጋለ ብረት ሲነካው ይቀልጣል። የብየዳ ፍንጣሪ ያረፈበት ቦታ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። እኔ የማደርገው ከታች ጎማ፣ ከላይ ፒዩ የሆነውን ነው። ኤችአርኦ የሚል ካለበት ጎማው በ300 ዲግሪ ሙቀት ተፈትኗል። ኤፍኦ የሚለው ዘይትና ነዳጅ ይችላል። ላንቺ ሳይት ኤችአርኦ ላያስፈልግሽ ይችላል።

ፒዩ ሌላም ጠባይ አለው። ሳይደረግም ያረጃል። ርጥበትና ሙቀት ውስጡን ይበላዋል። ባለፈው ዓመት ከሱቅ አዲስ ገዛሁ፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሶሉ እንደ ደረቅ ድፎ ዳቦ እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ቀረ። ስገለብጠው የተመረተበት ዓመት ሶሉ ላይ ተጽፏል፣ ሰባት ዓመት ስቶር ተኝቶ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ብዙዎቹ ላይ ሰዓት የሚመስል ክብ አለ፣ ቀስቱ ወሩን ያሳያል፣ መሃሉ ላይ ዓመቱ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንደ አዳማ ባለ ፀሐይ ብረቱ እግር ይቀቅላል። ኮምፖዚት የሚባለው፣ ብረት ያልሆነው ጫፍ፣ ይቀላል፣ ሙቀትም ቶሎ አያስተላልፍም። የ200 ጁል ፈተናውን ካለፈ ጥበቃው ያው ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

መብራት_ሠሪ · ሰኞ ቀትር 7፡00

አንድ ነገር ብቻ። ኤስ1ም ኤስ3ም «አንቲ ስታቲክ» ናቸው፣ ሰውነት ላይ የሚጠራቀመውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ያወርዳሉ። ኤሌክትሪክ አያሲዝም ማለት አይደለም! ኤሌክትሪክ የሚከላከለው ጫማ ሌላ ነው። ብዙ ልጆች ይሄን ሳያውቁ የቀጥታ መስመር ይነካሉ።

የእግር_ጉዳይ · ሰኞ ማታ 2፡40

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ተረከዝሽ ላይ የፈረጠውን ቆዳ አትላጪው። በንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠቢው፣ አድርቂው፣ በንጹሕ ፋሻ ሸፍኚው። የቋጠረውን ውሃ በመርፌ አትውጊ። ጥፍርሽን ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ ጠርዙን አታክብቢው። ጨርቁን ዛሬውኑ ከጫማው አውጪ፣ እሱ ጣትሽን ይፍቃል እንጂ አይይዝሽም።

ወደ እኛ የሚመጡ ብዙ ቆመው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ። «ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያው እርምጃ እንደ መርፌ ይወጋኛል፣ ስራመድ ይሻለኛል፣ ማታ ይመለሳል።» ይሄ የውስጥ እግር ጅማት ቁስለት ነው፣ ፕላንታር ፋሻይተስ ይባላል። ጠፍጣፋና ደረቅ ሶል ያባብሰዋል። ውሃ የሞላ ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና ማታ ማታ እግራችሁን አሥር ደቂቃ አንከባልሉበት። የባት ጡንቻን መወጠርም ይረዳል። በሳምንታት ካልተሻለ ግን ታዩ።

ስለ ተጨማሪ ሶል። ወፍራም ስፖንጅ ገዝታችሁ በነበረው ላይ አትደርቡ። እግራችሁን ወደ ላይ ያነሳና ጣታችሁን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ነባሩን አውጥታችሁ በምትኩ አስገቡ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብላችሁ እንደገና ሞክሩ።

ስኳር ያለበት ሰው ካለ ለብቻው ይስማኝ። እግርህ ሊደነዝዝ ስለሚችል ጠጠር ቢገባ ላይሰማህ ይችላል። ከማድረግህ በፊት ጫማውን ገልብጠህ አራግፍ፣ እጅህን አስገብተህ ዳስስ። ማታ እግርህን በመስታወት እየው።

ሌላም በልቤ ያለ ነገር አለ። ከገጠር የሚመጡ የቀን ሠራተኞች በባዶ እግር አፈር ሲቆፍሩ አያለሁ። በእኛ አካባቢ፣ በተለይ በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አፈር፣ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ የመጣ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ነገር ለዓመታት በእግር ቆዳ ሲገባ የሚመጣ ነው። ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ካቦዎች ካላችሁ እባካችሁ ይሄን አስቡበት።

ፓርክ_ውስጥ · ሰኞ ማታ 3፡05

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ነኝ፣ ካውያ ላይ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲሚንቶ ወለል ላይ እቆማለሁ። ሰው የሚለውን ሰምቼ ከባድ ሴፍቲ ጫማ ገዝቼ ነበር። ወገቤ ነው የሄደው። እኔ ላይ የሚወድቅ ብሎኬት የለም፣ ሚስማርም የለም። አሁን ቀላል፣ ሶሉ ወፈር ያለ ዝግ ጫማ ነው የማደርገው፣ እና ከእግሬ ሥር ካርቶን አጥፌ አነጥፋለሁ። አንዱን እግሬን ዝቅ ያለች ሳጥን ላይ እያፈራረቅኩ አሳርፋለሁ። ይሄ የሳጥኗ ነገር ወገቤን አዳነኝ። እንደ እኔ ዓይነት ሥራ ያላችሁ ብረት ያለው አትግዙ።

ሳይት_ላይ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጨርቁን አውጥቻለሁ። ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፣ የአሥራ አንድ ሴቶች ቁጥር ጽፌበታለሁ። ስድስቱ ከ38 በታች ናቸው።

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ፒያሳና አቶቴ ዞርኩ። ሁለት አገኘሁ። አንዱ ቁጥር 38 ኤስ3፣ ጫፉ ብረት፣ ከሥሩም የብረት ንጣፍ። ሁለተኛው 38 ኤስ1ፒ፣ ጫፉ ኮምፖዚት፣ ሥሩ ጨርቅ መሰል ንጣፍ። ሁለተኛው በጣም ይቀላል፣ ቁጢጥም ስል አይነካኝም። የመጀመሪያው ትንሽ ይነካኛል። ግን ክረምት እየመጣ ነው። ጋሼ ጫማ ነጋዴው፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ጫማ_ነጋዴ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 2፡35

«ትንሽ ይነካኛል» ያልሽውን ተይው። አሁን ትንሽ የነካ በአሥረኛው ሰዓት ብዙ ይነካል፣ በሳምንቱ ደግሞ ታወልቂዋለሽ። የሚያወልቁት ጫማ ሚስማር አይከላከልም።

ጨርቁ ንጣፍ ጥሩ ነው። እንደ ልብ ይታጠፋል፣ የእግርሽን ሥር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሸፍናል። ቀጭንና ሹል ሚስማር ላይ ብረቱ ይበረታል፣ እሱን ልደብቅሽ አልችልም። ስለዚህ ጣውላ የሚነቀልበት ፎቅ ላይ መንገድሽን አስጠርጊ። ዝናቡን በተመለከተ ለጭቃና ለሙሌት ቀን ቦቲ ያዢ። ኤስ3ም ቢሆን አርማታ ውስጥ ለመቆም አልተሠራም።

ፌሮ_ሠሪው · ማክሰኞ ማታ 2፡50

ቦቲውን አደራ። ሙሌት ላይ አርማታ በጫማ አፍ ገብቶ እግሩ የተላጠ ጓደኛ አለኝ። እርጥብ ሲሚንቶ መጀመሪያ አያቃጥልም። ዝም ብሎ ይበላል። ማታ ሲያወልቅ ቆዳው ከካልሲው ጋር መጣ። ከገባብሽ ሶሌታው ይቆይ፣ ወዲያው አውልቀሽ በብዙ ውሃ ታጠቢ። ቦቲም ስትገዢ ከሥሩ ሚስማር መከላከያ ያለውን ጠይቂ፣ አለ።

አዳማ_ጋራዥ · ማክሰኞ ማታ 3፡15

አዲሱን ጫማ ቀጥታ ሳይት አትውሰጂው። አራት አምስት ቀን ቤት ውስጥ ማታ ማታ አንድ ሰዓት አድርጊው። ክሩን ከጣት በኩል ላላ፣ ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። መሰላል ስትወርጂ እግርሽ ወደፊት አይንሸራተትም። ሲርስብሽ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀሽበት ጥላ ላይ ይደር። ሙሉ ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ድብልቁን ፈልጊ፣ ትርፍ አንድ ጥንድም ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። እኔ ምሳ ሰዓት እቀይራለሁ። ከሰዓት በኋላ አዲስ እግር ያለኝ ነው የሚመስለኝ።

ሳይት_ላይ_ነኝ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ 1፡30

ሰላም። ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ኤስ1ፒውን 38 ገዛሁ። ሶሉ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት፣ ባለፈው ዓመት የተመረተ ነው። አምስት ቀን ቤት ውስጥ አደረግኩት። እናቴ «ቤት ውስጥ ከስክስ ጫማ?» ብላ ደንግጣ ነበር። ሳይት ላይ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ተረከዜ ድኗል። ጥፍሬ ገና ጥቁር ነው፣ ግን አያመኝም። ትናንት ሶሌታ ሞልተን ማታ 3 ሰዓት ነው የወጣነው፣ ቦቲ አድርጌ። ስመለስ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ነው ቤት የገባሁት።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ አንድ ጣውላ ረግጬ ቆምኩ። ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ሲገፋኝ ተሰማኝ። ቀስ ብዬ እግሬን አነሳሁ። ሚስማሩ የሶሉን ጎማ ወግቶ ንጣፉ ጋ ቆሟል፣ ጫፉ ጎንበስ ብሏል። ጫማውን አውልቄ ውስጡን በእጄ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ምንም የለም። ፌሮ ሠሪው ወንድሜ፣ አንተን ነው ያሰብኩት። ጋሼ፣ ይሄ ጫማ አሁን መቀየር አለበት ወይስ ልቀጥልበት?

ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቷል። 38 እና 37 መጥቷል። 36 አልመጣም። ሞርታር የምታመላልስ አንዲት ልጅ አለች፣ ቁጥሯ 36 ነው፣ እስካሁን በኮንጎ ጫማ ነው የምትሠራው። ሐዋሳም ይሁን አዳማ፣ ወይ ሻሸመኔ፣ ሚስማር የሚከላከል 36 ያያችሁ ካላችሁ የሱቁን አካባቢ ጻፉልኝ። ሰኞ ከሥራ በኋላ ይዣት እሄዳለሁ።

ጫማ_ነጋዴ_ነኝ · ቅዳሜ ማታ 2፡05

እንኳን ተረፍሽ ልጄ። ቀዳዳው ባለበት አትቀጥዪበት፣ ንጣፉ አንዴ ተወግቷል፣ ውሃም ይገባዋል። ለስቶር አሳዪያቸውና ከመጣው 38 ይቀይሩልሽ። ለ36ቷ ልጅ ከእኔ ጋ የለም፣ ሰኞ ጠዋት የማመጣበት ቦታ ደውዬ እዚሁ እጽፍልሻለሁ። እግሯን ወረቀት ላይ አስቁመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አንሺልኝ። ማታ፣ ከሥራ ስትወጣ።